ሁለተኛው የትምባሆ መደብ

ባለቤቴ ሰንቡ ካረፈ ይህ ሁለተኛው የችግኝ ተከላ ወቅት ነው። ነገ ወንድሜ መኪና ይዞ መጥቶ ወደ ችቺሃር ከተማ ሊወስደኝ ነው። እንዲመጣ ያስጠሩት አማቴ እማማ ኢልጋ ናቸው። «ገና ወጣት ነሽ፤ ከአሮጊት ጋር ተቀምጠሽ ምን ታደርጊያለሽ?» አሉኝ። መሄድ አልፈልግም፤ ግን አፍ አውጥቼ አልተናገርኩም። እሳቸውን ይዤ እንዳልሄድ ከሕዝባችን ቋንቋ ከዳውርኛ ሌላ አያውቁም። ከተማ ውስጥ ሰዉ የሚናገረው ቻይንኛ ነው፤ የሚያወሩት ሰው አያገኙም።

ጠዋት የትምባሆ ችግኝ ልንተክል ወጣን። በየዓመቱ የምንተክለው ሁለት መደብ ነበር። ዘንድሮ እማማ ኢልጋ ያፈሉት ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ነው።

«ዳውር ማለት አራሽ ማለት ነው» አሉ፣ እንዳጎነበሱ። ይህን የሚሉት ልጃቸውን ለመሞገት ነው። ሰንቡ ስማችን ከጥንት የኪታን ነገሥታት ጎሳ የመጣ ነው ይል ነበር። ሞቶም አልተዉትም።

«አራሽ ብንሆንማ ልጅዎ መኮትኮት ይችል ነበር» አልኳቸው።

ሳቁ። «የንጉሥ ዘር ነኝ እያለ እጁን አዳነ እንጂ! መደቡ ዳር ቁጭ ብሎ፣ መጽሐፉን ገልጦ ሲከራከረኝ ይውል የለ?»

«ያሸነፉት ግን እርስዎ ነዎት።»

«እንዴት?»

«እራቱ በእጅዎ ነበራ።»

እንደገና ሳቁ። የመጨረሻውን ችግኝ ተክለው ወገባቸውን ሲያቃኑ፣ የአኻያውን አጥር ተሻግሬ ሳርና ወደምትባለው ጎረቤታችን ሄድኩ።

«የተረፈሽ ችግኝ አለ?»

«ለማን? አንቺ ነገ ሂያጅ አይደለሽ እንዴ?»

«ስጪኝ ብቻ።»

ተመልሼ ባዶውን መደብ መቆፈር ጀመርኩ። እማማ ኢልጋ መጥተው ከራሴ በላይ ቆሙ።

«ነሐሴ ላይ ቅጠሉን ማን ሊቆርጠው ነው? እኔ እንደሆነ አንዱንም አልችል።»

«እኔ።»

«ወንድምሽስ?»

«ምሳውን በልቶ ይመለሳል።»

ቀና ብዬ አላየኋቸውም። በቀሚሳቸው እጅጌ አፍንጫቸውን ሲጠርጉ ሰማሁ።

«መስመርሽ ተንጋዷል» አሉ በመጨረሻ። መኮትኮቻቸውን አንስተው ከጎኔ ተንበረከኩ።