ደረቅ ተብለው የተጻፉት ሰባት ዛፎች

ያን ቀን በገበሬዎች ማኅበር አዳራሽ አርባ ሰው ተሰብስቦ ስለ ዛፍ ሲያወራ፣ ከአርባው ሁሉ ስለ ዛፍ ከልቧ የምታውቀው አሮጊት የተቀመጠችው በር ሥር ነበር። ወንበር ጠፍቶ አይደለም። ወደ ፊት ልትሄድ ስትል አንዱ ጎረምሳ ክንዷን ይዞ «እማማ፣ እርስዎ እዚህ ይረፉ፣ እዚያ ጋ ስብሰባ ነው» ብሎ ስላስቀመጣት ነው። ስብሰባ መሆኑን መች አጣችው? ያን ሁሉ ጭቃ ረግጣ፣ ጉልበቷን እየረገመች የመጣችው ለሠርግ አልነበረም።

ከከተማ የመጣው የግብርና ባለሙያ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ገና ጭቃ ያልነካው ቦቲ ጫማ ተጫምቶ ግድግዳው ላይ ትልቅ ወረቀት ለጠፈ። ወረቀቱ ላይ አንድ ዛፍ፣ ከዛፉ ሥር ሰብል፣ ከሰብሉ አጠገብ ደግሞ ላም ተስሏል። ምድሪቱ ደክማለች አለ። ዝናቡ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሳይፈልግ ይቀራል፤ ፀሐዩም ከዓመት ዓመት እየከፋ ነው። መድኃኒቱ ዛፍንና ሰብልን አጣምሮ ማብቀል ነው፤ ቅጠሉ አፈሩን ይመግባል፣ ሥሩ ውሃውን ይይዛል፣ ጥላው ከብቱን ያሳርፋል። ሰዉ በሙሉ አዲስ ወሬ እንደሰማ ራሱን ነቀነቀ።

አሮጊቷ ብድግ አለች። ይህን ነገር አርባ ዓመት እንደሠራችበት፣ ማየት የሚፈልግ ካለ እርሻዋ ከመንገዱ እንደሚታይ ልትናገር ነበር። ባለሙያው ፈገግ ብሎ የእርሷን አስተያየት መጨረሻ ላይ እንሰማለን አላት። መጨረሻ ላይ ለስላሳ ታደለና ሰው ተበተነ። ለስላሳውም በር ሥር ሳይደርስ አለቀ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አኮረፈች። የእርሷ ኩርፊያ ደግሞ እንደ ሌላው ሰው ኩርፊያ አይደለም። ሌላው ሰው ሲያኮርፍ ዝም ይላል፤ እርሷ ስታኮርፍ ትቀልዳለች። አገሩ ሁሉ ምላሷን ይፈራል፣ እርሷም መፈራቷን ትወዳለች። ፊደል ባትቆጥርም በምላሷ ማንንም አሳልፋ አታውቅም።

አሁን ስለ ዛፎቿ መናገር ያስፈልጋል፤ ያለዚያ የሆነው ነገር አይገባም። ሰባት ግራሮች ናቸው፣ እርሻዋ መሃል እንደ ልባቸው የቆሙ። ማንም አልተከላቸውም። ላሞች ፍሬውን በልተው ከነዘሩ በእበታቸው ጥለውት የበቀሉ ናቸው። ያኔ ገና ሙሽራ ነበረች። ባሏ ሲያርም ሊነቅላቸው ሲል እርሷ እየቀደመች ዙሪያቸውን በድንጋይ ከበበች። ሟቹ እየሳቀ «አንቺ ሴት፣ እህል ነው የምናርሰው ወይስ ጫካ?» ይላት ነበር። ሰባት ዓመት ሳቀባት። በስምንተኛው ዓመት ከዛፎቹ ሥር ያለው ማሽላ ከሌላው በክንድ በልጦ ሲታይ መሳቁን ተወ። ከዚያ በኋላ ቅርንጫፍ የሚመለምልበት መጥረቢያ ራሱ ገዝቶ መጣ።

የእነዚህ ግራሮች ጠባይ የተገላቢጦሽ ነው። ሌላው ዛፍ ሁሉ በክረምት ሲለመልም እነርሱ ቅጠላቸውን አራግፈው ራቁታቸውን ይቆማሉ። ቅጠሉ አፈር ላይ ይበሰብሳል፣ ሰብሉም ፀሐይ ሳይከለከል ያድጋል። በጋ ሲገባና ምድር ሁሉ ሲነድ ደግሞ አረንጓዴ ለብሰው ጥላ ይዘረጋሉ፤ ፍሬያቸውን ለከብት ያወርዳሉ። በክረምት ያያቸው እንግዳ ሞተዋል ይላል። ቅርፊቱን በጥፍሩ ጫር ቢያደርግ ግን ውስጡ አረንጓዴ ነው።

ባለሙያው ደግሞ የመጣው በክረምት ነው፤ ያውም በዝናቡ መሃል። ቅጽና ቀይ ቀለም ይዞ እርሻ ለእርሻ እየዞረ ዛፍ ይመዘግብ ነበር። ቅጹ ላይ እርጥብ የሚባል ቦታ አለ፣ ደረቅ የሚባል ቦታ አለ። ከሰባቱ ዛፎች ሥር ቆሞ ሽቅብ አየ፣ አንገቱ ላይ ዝናብ ገባበት፤ ከዚያ ወደ ቤቷ መጣ። እርሷ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር።

«እማማ፣ እነዚህ ዛፎች ከደረቁ ስንት ጊዜያቸው ነው?»

እዚህ ላይ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። በጥፍርህ ጫር አድርገው ብትለው ነገሩ ያልቅ ነበር። ግን ያ በር ሥር ያለው ወንበር ትዝ አላት፣ ሳይደርሳት የቀረው ለስላሳም ትዝ አላት። ከምስሩ ቀና እንኳን አላለችም።

«እነሱማ ሞተዋል ልጄ። ባለፈው ሳምንት አልቅሰን ቀበርናቸው። ምነው ለቅሶ ሳትደርስ ቀረህ?»

ይስቃል ብላ ጠበቀች። እርሱ ግን የእርጅና ነገር ነው ብሎ መሰለኝ አንገቱን ደፋ። «ያሳዝናል እማማ። በሌላ እንተካልዎታለን» አለና ጻፈ። ከዚያ የቀለም ሰሌዳውን ከፍቶ አውራ ጣቷን እንድታስነካ ጠየቃት። እርሷም ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ አፍና አሻራዋን አኖረች። ሲሄድ ዛፎቹ ግንድ ላይ ቀይ ምልክት እየቀባ ሄደ። ለምራቷ እያስመሰለች ስትነግራት እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሐሳቧ ይህ ነበር፤ በበጋ ተመልሶ ሲመጣ፣ ሙታኑ ለምልመው ሲቀበሉት፣ ያ የተማረ ፊቱ የት እንደሚገባ ማየት ነበር የፈለገችው።

ቤት ውስጥ ግን ያልሳቀ አንድ ሰው ነበር፤ ልጇ። እርሻውን የሚያርሰው እርሱ ነው። ለሦስት ዓመት ስለ አንድ ነገር ሲነዘንዛት ኖሯል፤ ትራክተር በዛፍ መሃል አይዞርም ይላታል። እርጥብ ዛፍ ያለ ፈቃድ መቁረጥ ክልክል ነው፣ ፈቃድም አይሰጥም፣ እናቱም እሺ አትልም። አሁን ግን እናቱ በጣቷ ያተመችበት፣ ደረቅ የሚል ወረቀት አለ። የደረቀ ዛፍ ለመቁረጥ ማንንም መጠየቅ አያስፈልግም። ልጁ በዚያ ዛፍ ሥር ነው ያደገው። እርጥብ መሆኑን ከባለሙያውም፣ ከማንም ይበልጥ ያውቃል።

በዚያው ሰሞን ሴት ልጇ ከተማ ልትወልድ ሆነና አሮጊቷ ልታርሳት ሄደች። አሥራ ሁለት ቀን ቆየች። ስትመለስ አውቶቡሱ ከመታጠፊያው አወረዳት። ወርዳ አየችና ወደ ረዳቱ ዞረች።

«አንተ፣ ያለ ቦታዬ ነው እኮ ያወረድከኝ።»

«ቦታዎ ነው እማማ» አላት ረዳቱ በሩን እየዘጋ። «ሁልጊዜ እዚሁ አይደል የሚወርዱት?»

አርባ ዓመት ሙሉ ከዚያ መታጠፊያ ላይ ሰባት ራስ ይታያት ነበር። አሁን የሚታየው ሰማይ ብቻ ነው። ቦርሳዋን እዚያው መንገድ ላይ ጥላ ሄደች። ሰባት ጉቶ አገኘች፤ መጋዙ ያለፈበት ፊታቸው ገና እርጥብ ነው። አንዱ ሥር ተንበርክካ ቅርፊቱን ጫረች። ልጇ ከኋላዋ መጥቶ ቆሟል። ጥፍሯን ወደ እርሱ ዘረጋች።

«ይሄ ምን ዓይነት መልክ ነው?»

ልጁ ወደ መንገዱ ዞሮ አየ።

«ዓይንህ ደህና ነው። ንገረኝ እንጂ።»

«አረንጓዴ ነው» አለ። ቆይቶ ደግሞ «እማዬ፣ እኔ አንድም ቃል አልጨመርኩም። ያልሽው ነው የተጻፈው፣ ጣትሽም አለበት» አላት።

ልትሰድበው አፏን ከፍታ ነበር፤ ስድቡ ግን መጀመሪያ የሚያገኘው እርሷን ሆነባት። ሲፈራ የኖረ ምላሷ፣ ስትኮራበት የኖረችው ምላሷ፣ መጥረቢያውን ስሎ ለልጇ አቀብሎታል። ቤት ገብታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች፤ ሁለት ቀን ምራቷ ከምትሰጣት ውሃ በቀር ምንም አልቀመሰችም።

መተኪያው መጣ፤ ሦስት መቶ ችግኝ በመኪና ተጭኖ። ልጁና ጎረቤቶቹ በእርሻው ዳር ዳር በገመድ እየለኩ፣ እንደ ወታደር አሰልፈው ተከሏቸው። ባለሙያው ፎቶ አነሳ። ዝናቡ ግን በዚያ ዓመት እህሉ ፍሬ ሊይዝ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ቀጥ አለ። ችግኞቹን ውሃ ተሸክሞ ማጠጣት ተሞከረ፤ ጉድጓዱም አነሰ፣ ወገብም ደከመ። በጋው ሲጋመስ ሦስት መቶ እንጨት ተሰልፎ ቀረ።

ማሽላውም ቀጨጨ። በሰባት ቦታ ብቻ፣ እንደ ሰፌድ ክብ ሆኖ፣ ጥቁር አረንጓዴና ረጅም ሆኖ ቆመ። ጉቶዎቹ ያሉበት ቦታ ነው። የአርባ ዓመት ቅጠል ገና አላለቀም ነበር። ከመንገድ የሚያልፍ ሁሉ ያየዋል። ጎረቤታቸው አናጢው አንድ ቀን ቆም ብሎ ልጁን ማዳበሪያውን ለምን በክብ በክብ እንደበተነው ጠየቀው። ልጁ ወደ ቤት ገባ። እናቱ ሰምታለች። ድሮ ቢሆን አናጢው ፊት ታሳፍረው ነበር። አሁን ግን ምስሯን ለቀመች።

በሁለተኛው ዓመት ክቦቹ ጠበቡ፣ በሦስተኛው ጠፉ። የበጋ ንፋስ አፈሩን እያነሳ ቤት ውስጥ አስገባው፤ በአልጋ ልብስና በሽሮ ዕቃ ላይ ተቀመጠ። ላሞቹ የሚጠለሉበት አጥተው በቤቱ ጥላ፣ ከግድግዳ ጋር ተጣብቀው ምላሳቸውን አውጥተው ይውላሉ። የሚለቅሙት ፍሬ የለም። ያ የተፈለገው ትራክተር አንድ ዓመት አረሰ፤ በሚቀጥለው ባለቤቱ መሬቱ ለነዳጁ አይሆንም ብሎ ቀረ። ልጁ ጡብ ፋብሪካ ሥራ አግኝቶ ወደ ከተማ ሄደ። በሄደ ቀን ጠዋት አንዱ ጉቶ ላይ ቁጭ ብሎ ብዙ ቆየ። ተነስቶ የእናቱን ጉልበት ሳመ። ይቅርታ አላለም፣ እርሷም አልጠበቀችም፤ ማን ማንን እንደሚለው ለሁለቱም ግልጽ አልነበረም።

ከአንደኛው ጉቶ ጣት የምታክል ቀንበጥ ወጥታለች። አሮጊቷ በእሾህ አጥራታለች። ፍየል እንዳይደርስባት ጠዋት ጠዋት ታያታለች። አሁን ጉልበት ትደርሳለች። ጥላ ለመስጠት ሃያ ዓመት ይፈጅባታል። አሮጊቷ ስልሳ ስምንት ዓመት ሆኗታል፤ ቁጥር ባትማርም ይህን ያህል መደመር አይጠፋትም። ልጇ አይመለስም፤ ምራቷም ልብሷን እየሰበሰበች ነው። ቀንበጧን የሚያጥርላት ማን እንደሆነ አታውቅም።

ባለሙያው ተመልሶ የመጣው በዚህ በጋ ነው፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም። ሞተር ብስክሌቱን የሚያቆምበት ጥላ ፈልጎ እርሻውን አንድ ጊዜ ዞረው፤ አጣ። ሸሚዙ ነጭነቱን ትቷል፣ ጸጉሩም ከፊት ሳስቷል። ደጃፉ ላይ እርሷ ከተቀመጠችበት ግድግዳ ጥግ ተጠጋ። ፕሮግራሙ እንዳለቀ፣ የመዝጊያ ቅጽ እንደሚሞላ፣ አሻራዋ እንደሚያስፈልግ ነገራት። መሬት መሬት እያየ ሌላም ነገር ተናገረ።

«እነዚያ ዛፎች እማማ፣ ክረምት ቅጠላቸውን የሚያራግፉ ዓይነት መሆናቸውን በኋላ ሰማሁ። የድሮው ቅጽ ግን ተልኳል። አይታረምም።»

«በኋላ ሰማህ» አለች።

«አዎ።»

«እኔ ደግሞ ያኔ አውቅ ነበር። አልነገርኩህም። ለምን እንዳልነገርኩህ ታውቃለህ?»

አላወቀም። ስለ ወንበሩ ነገረችው፤ ስለ ለስላሳውም ነገረችው። ሲሰማ ላቡን መጥረግ ተወ። ከዚያ የቀለም ሰሌዳውን ቀስ ብሎ ወደ እርሷ ገፋ አደረገው፤ ሌላ የሚያደርገው ስለጠፋው ነው። እርሷ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች።

«አይሆንም። መጀመሪያ ትጽፋለህ። ሰባቱ ዛፎች በሕይወት ነበሩ ብለህ ጻፍ። የዛፎቹ ባለቤት አኩርፋ ቀለደች፣ እኔ ባለሙያው ቅርፊቱን በጥፍሬ ሳልጭር ጻፍኩ፣ ልጇ እያወቀ ቆረጠ በል። ሦስታችንንም ጻፈን፣ አንዳችንንም እንዳትዘል።»

«እማማ፣ ለእንደዚህ ያለ ነገር ቅጹ ላይ ቦታ የለውም።»

ወረቀቱን ከጉልበቱ ላይ አንስታ ገለበጠችው።

«ጀርባው ባዶ ነው። ማንበብ ባልችልም ባዶ ወረቀት አውቃለሁ። እዚህ ላይ ጻፍ። ስትጨርስ ጮክ ብለህ ታነብልኛለህ፣ ከዚያ ምራቴን ጠርቼ እሷም ታነብልኛለች። አንድ ቃል ብትጎድል ይቺን ጣት አታገኛትም። በል፣ ብዕርህን አውጣ።»