የጎትሊብ ምላስና የግራሯ ጥላ

ኤልፍሪዴ የምትፈልገው ሀብት አልነበረም፤ ጥላ ነበር። ከማዕድን ከተማዋ ከኡይስ በሚወጣው መንገድ ዳር የማዕድን ድንጋይ የሚሸጡት ሁሉ ያለቻቸው ወፍ የሚንጫጫባት አንዲት ግራር ብቻ ናት። እሷንም የአጎቷ ልጅ ጎትሊብ ከነጠረጴዛው ይዟታል። ኤልፍሪዴን አምስት ዓመት ሙሉ ፀሐይ አናቷን ሲጠብሳት፣ እሱ ጥላ ሥር፣ ያውም ትልቅ ባርኔጣ ደፍቶ ይጎለታል። እስቲ አሁን ጥላ ሥር ባርኔጣ ምን ይሠራል? ጉራ ነው እንጂ!

ጎትሊብ ድንጋይ የሚለየው በምላሱ ነው። ይልሳል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ስም ይሰጣል። አይረባም ያለውን ሰማያዊ ቀለም ቀብቶ ይወረውረዋል፤ ሁለተኛ ተሸክሞት እንዳይመጣ። እንዲህ የሚያደርግ ከእሱ ሌላ የለም። "አንዲት ድንጋይ ከሳትኩ" ብሎ በሻጩ ሁሉ ፊት ምሏል፣ "ጥላውን ለቅቄ ፀሐይ ላይ እወጣለሁ!"

አንድ ማክሰኞ ታዲያ ኤልፍሪዴ ከደረቀው ወንዝ ውስጥ ጭቃ የደረቀበት ጥቁር ድንጋይ አገኘች። ጡጫ ቢያክል ነው፤ ስታነሳው ግን ክንዷን ሊገነጥለው ደረሰ። እንዲህ የሚከብድ አይታ አታውቅም። ሮጣ ወሰደችለት።

ጎትሊብ ላሰው። "ቆርቆሮ የሚወጣበት ድንጋይ ነው።"

"ውሸትህን ነው! ብረት ነው!"

"እህቴ፣ ይሄ ምላስ ዋሽቶ አያውቅም።"

"እሱማ ሲዋሽ ነው የኖረው! አባባ ሂስኪያ ይዳኙን።"

አባባ ሂስኪያ በድሮው የማዕድን ማውጫ ሠላሳ ዓመት ያገለገሉ ሽማግሌ ናቸው። መጀመሪያ ማግኔት አስጠጉበት። ወይ ፍንክች!

"ብረትሽ የታለ ልጄ?" አሏት።

ቀጥለው ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ሰብረው የዚንክ ቅርፊቱን ሳህን ላይ ዘረጉ፤ ጥቁሩን ድንጋይ አስቀመጡበትና የመዋኛ ገንዳ የሚጸዳበትን አሲድ አፈሰሱበት። "ቆርቆሮ ካለበት እንደ ብር ያብለጨልጫል" አሉ። ሳህኑ ተንፈቀፈቀ። ቆይተው በጉጠት ሲያወጡት ድንጋዩ ያብለጨልጫል።

"ቆርቆሮ ነው" አሉ።

ጎትሊብ ባርኔጣውን እያውለበለበ ጨፈረ። ኤልፍሪዴ እንባዋ መጣ። አምስት ዓመት ሙሉ ተጠብሳ፣ ሌላ አምስት ዓመት ልትጠበስ ነው።

አባባ ሂስኪያ አሲዱን ለማስለቀቅ ድንጋዩን ባልዲ ውሃ ውስጥ ነከሩት። የደረቀው ጭቃ ለቀቀ። ከሥሩ ሰማያዊ ቀለም ብቅ አለ።



"ጎትሊብ" አሉ ሽማግሌው፣ "ይሄን ቀለም ማን ቀባው?"

ጎትሊብ ባርኔጣውን ዓይኑ ላይ ደፋ።

"አይረባም ብለህ ጥለኸው ነበር!" ኤልፍሪዴ ጮኸች። "ዛሬ ልክ ከሆንክ ያኔ ስተሃል! ያኔ ልክ ከነበርክ ዛሬ ስተሃል! እስቲ አንዱን ምረጥ!"

"ያን ቀን ጉንፋን ይዞኝ ነበር" አለ ጎትሊብ፣ ጠረጴዛውን ወደ ፀሐይ እየጎተተ።

በማግስቱ ኤልፍሪዴ ጥላዋ ሥር እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች። ደስታዋ ልክ አልነበረውም። ድንጋዩን ከነሰማያዊ ቀለሙ ጠረጴዛዋ መሃል አኑራዋለች። ብዙም አልቆየች፣ አናቷ ላይ አንድ ነገር ጠብ አለ። ዳበሰችው። ነጭና ሙቅ ነው። ሁለተኛው ትከሻዋ ላይ አረፈ። ቀና ስትል ያ ሁሉ ወፍ ጭራውን ወደ እሷ አዙሯል።

ጎትሊብ ፀሐይ ላይ ሆኖ ላቡን ጠረገ።

"እህቴ፣ ባርኔጣዬን ላውስሽ?"

ኤልፍሪዴ ፀጉሯን ጠረገች። ሦስተኛው ግንባሯ ላይ ጠብ አለ።

"አምጣው!" አለችው።