አፍህ የደፈረውን እጅህ ይጻፈው

ውባየሁ የጎልማሶች ትምህርት ከገባች ሁለት ዓመቷ ነው። የራሷንም የልጇንም ስም ትጽፋለች። የመድኃኒት ፖስታ ስታይ ግን ዓይኗ እንደ ድሮው ጭረቱን ብቻ ይቆጥራል፤ ሁለት ጭረት ከሆነ በቀን ሁለት ጊዜ።

ልጇ ማዕረግ ገብስ ከጫነ አይሱዙ ላይ ወድቆ ቅልጥሙ ሲሰበር፣ ከጤና ጣቢያው ትራማዶል የሚባል የሕመም ማስታገሻ የተሰጠው እንዲህ ባለ ፖስታ ነበር። ከጭረቱ ሥር ጽሑፍ ነበረበት። አላነበበችውም።

ሳምንት ቆይቶ ሕመሙ አልበርድ ሲል፣ መሐል ሜዳ ገበያ ዳር ወዳለው የበኃይሉ መድኃኒት መደብር ሄደች።

«እትዬ ውባየሁ፣ ትራማዶል ብቻውን አቅም የለውም» አላት በኃይሉ። «ይቺን ይደርቡበት። ያኔ ይበረታል፤ ልጅዎም እንደ ሕፃን ይተኛል።» ስም የሌለባቸውን ኪኒኖች በደብተር ወረቀት ጠቅልሎ ሰጣት።

እውነትም ተኛ። እሷም በኃይሉን መረቀች። በአምስተኛው ቀን ግን ማዕረግ ሰዓቱ ሳይደርስ «እማዬ፣ ሁለቱንም አምጪ!» እያለ ይነተርካት ጀመር። ስትከለክለው ሰደባት፤ ሰድቧት የማያውቅ ልጅ! በማግስቱ ቀትር ላይ ብትጠራው አልሰማ አለ። ከንፈሩ ጠቁሯል። አንዱ ትንፋሽ ሄዶ ሌላው እስኪመጣ የእሷ ነፍስ ልትወጣ ደረሰች።

ጎረቤት በቃሬዛ ጤና ጣቢያ አደረሰው። ትንፋሹ ሲመለስ ነርሷ ሲስተር አብነት ኪኒኖቹን አገላብጣ አየች።

«ይሄኮ የእንቅልፍ ኪኒን ነው። ሁለቱ ሲገናኙ የሚያደነዝዙት ሕመሙን ብቻ አይደለም፤ ትንፋሹንም ያደክማሉ። ሱስ ማስያዛቸውም ይብሳል። ፖስታው ላይ ጽፌልዎት ነበር፣ እናቴ።»

ውባየሁ ፖስታውን አውጥታ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። «ከእን…ቅልፍ ኪኒን ጋር… አይወሰድም።» እፍረት ፊቷን አቃጠለው። ቀጥሎ ንዴት መጣ። እሷ ያጠፋችው ሳታነብ ነው፤ በኃይሉ ግን አንብቦ፣ ተምሮ፣ ነጭ ጋወን ለብሶ!

በገበያው ቀን ደብተሯን ይዛ መደብሩ ገባች። ሴቶች ተሰልፈዋል።

«በኃይሉ፣ ያልከኝን እዚህ ላይ ጻፍልኝ። ከሥሩም ስምህን።»

«ምክር ይጻፋል እንዴ እትዬ?» ሳቀ። «ደግሞ ማንበብ ከመቼ ወዲህ?»

«ልጄን ትንፋሽ ካጠረው ወዲህ! አፍህ የደፈረውን እጅህ ምነው ፈራ?»

«ወረፋ አያበላሹብኝ።»

እሱ እንቢ ሲል ራሷ ጻፈች፤ እያንዳንዱን ቃል ጮክ ብላ እየጠራች። «በኃይሉ ትራማዶል ላይ የእንቅልፍ ኪኒን ይደርቡ አለኝ። ልጄ ሊሞት ነበር።» እስክሪብቶውን ዘረጋችለት። «ውሸት ከሆነ ሰርዘው።»

አልተቀበላትም። ከጎኗ የቆሙ አንዲት አሮጊት አሁን የገዙትን ጥቅልል አቀበሏት።

«የእኔስ ምን ይላል፣ ልጄ?»

ውባየሁ አገላበጠችው። «ምንም አልተጻፈበትም፣ እናቴ።»

አሮጊቷ ጥቅልሉን ባንኮኒው ላይ መልሰው ጣሉት።

ጤና ጣቢያ ስትመለስ ማዕረግ ዓይኑን ገለጠ። «አመጣሽልኝ?»

«አላመጣሁም።»

ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እሷ ግን እጇን ደረቱ ላይ አድርጋ ትንፋሹን መቁጠር ጀመረች። አንዱ ሲሄድ ሌላው ቶሎ ይመጣ ነበር።