የቀብራራው ክንድ

"ለቀብራራው ሙዝ እንዳትሰጪው፤ ዛሬ ጦሙን ይዋል" አለች ዶክተሯ በምርምር ተቋሙ የጦጣ ቤት በር ላይ ቆማ።

ባልዲዋን ይዛ በብረት ፍርግርጎቹ መሐል ስትጠርግ የነበረችው ሴት ቀና ብላ አየቻት። ዶክተሯ የሟች እህቷ ልጅ ናት፤ አዝላ ያሳደገቻት። ደም ለመስጠት ጦሙን የሚውል ጦጣ ደግሞ አይታ አታውቅም።

ቀብራራው ስሙን ያገኘው ከአረማመዱ ነው። የሚሞከርበትን ክትባት ከተወጋ ወዲህ ደሙ በየጊዜው ይቀዳል። ያንን ደም አንድ መሣሪያ ያነበዋል፤ የትኛው ዘረመል ነቅቶ በሽታ እንደሚከላከል፣ የትኛው እንደተኛ ይለያል አሉ። ጦጣው ከደነገጠ ግን የማይፈለገው ሁሉ ይነቃና ንባቡ ይበላሻል። ለዚህ ነበር ዶክተሯ አክስቷን የለመነችው። አላምጂልኝ፣ ከደሙ በቀር አንነካውም፣ ሲያበቃ ዛፍ ያለበት ግቢ ይለቀቃል ብላ። አላመደችው። በምላሷ ቀጭ ቀጭ ስታደርግ ክንዱን በፍርግርጉ አውጥቶ ይዘረጋል፤ መርፌው ሲገባ ዓይን ዓይኗን እያየ ይቀመጣል። መርፌ አይቶ የሚዘረር ጎረምሳ ሞልቶ የለም እንዴ?

"ምን ልታደርጉት ነው?"

"ደሙ የሚነግረንን ነግሮናል፣ አክስቴ። የቀረው ንባብ ጣፊያው ውስጥ ነው።"

"ጣፊያው ወጥቶ ይኖራል?"

"ጣፊያው ብቻ አይደለም።"

"ይሄን መቼ ነው ያወቅሽው?"

ዶክተሯ ጓንቷን ጎትታ አጠለቀች። "ከመጀመሪያው" አለች። "ብነግርሽ ኖሮ ታላምጂው ነበር?"

"አላላምደውም።"

"እሱን ነው የምልሽ።"

አክስትየዋ ሳቀች፤ ደስ የማይል ሳቅ። "ባጎረስኩ ተነከስኩ አሉ። አውሬ የምትሉት እሱ እንኳ ይሄን ሁሉ ሳጎርሰው አንድ ቀን ጥርሱን አላሳየኝም።"

ልጅቷ አንገቷን ደፋች፤ የማደንዘዣውን መርፌ ግን አላስቀመጠችም። እንደ ወትሮው ጥሪው፣ ሳይደነግጥ ይተኛ፣ ለእሱም የሚሻለው ይሄ ነው አለች። ውሸት አልነበረም፤ ሴትዮዋን ያንገበገባት ይኸው እውነት መሆኑ ነው።

ጎንበስ ብላ ቀጭ ቀጭ አደረገች። ቀብራራው ከመቀመጫው ተንጎራድዶ ወረደና ክንዱን ዘረጋላት፤ መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ፣ ሙዙን እየጠበቀ። ዶክተሯ መርፌውን ይዛ ተጠጋች።

ያኔ ሴትዮዋ ባልዲዋን አነሳችና ብረቱን ባላት ጉልበት መታችው።

ጦጣው ጮኾ ክንዱን ነጠቀ። ጣሪያው ጥግ ላይ ተለጥፎ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ ጥርሱን አሳየ። ያሳየው ለእሷ ነው። ትንሽ ቆማ አየችው።

ከዚያ ሙዙን ከኪሷ አውጥታ ላጠችና በፍርግርጉ ሥር አሾልካ ጣለችለት። ሽርጧንም ፈትታ ባልዲው ላይ ወረወረችው።

"በይ አሁን አንብቢው" አለቻት። "ዳግመኛ የሚያላምድልሽ ካስፈለገሽ ደግሞ ሌላ አክስት ፈልጊ።"