የጥሩሰው ኩራት

«የዲማ ዘመዶች ደረሱ፤ ተነሺ» አለች አክስቷ ወለተ ሐዋርያት፣ የዜማን ክንድ ይዛ።

ዜማ ተነሣች። እናቷ ጥሩሰው ትናንት ከተቀበረች ወዲህ ለቀስተኛ ድንኳኑ ውስጥ በገባ ቁጥር መነሣት፣ አብሮ መጮህ፣ ደረት መምታት ነበር ሥራዋ። ወግ ነው፤ ሐዘንተኛ ተቀምጦ ለቀስተኛ አይቀበልም። እሷ ግን በቆመች ቁጥር ልቧ ደረቷን ጥሶ ሊወጣ ይደርሳል፤ ጉልበቷ ይከዳታል፤ የሰዉ ፊት ይደበዝዝባታል። ይበልጥ የሚያስፈራት ደግሞ ነገ ነው። ዛሬ በግድ ከበረታች ነገ ከአልጋ አትወርድም፤ ነገ ሰልስት ነው። በእናቷ ሰልስት ተኝታ ዋለች ከተባለ በደብረ ኤልያስ እንዴት ተብሎ ይኖራል?

የዲማዎቹ አልቅሰው ሲቀመጡ እሷም ተቀመጠች። ከኋላዋ ሁለት ሴቶች ማንሾካሾክ ጀመሩ።

«ነፍሷን ይማረውና፣ የጥሩሰው ኩራት ለጉድ ነበር። ልጇን ውኃ አታስቀዳ፣ እንጨት አታስለቅም።»

«ሰርግ ላይ እንኳ ልጅሽ ታግዘን ብንላት፣ ‹የእኔ ልጅ ጭስ ቤት አትገባም› ብላን የለ?»

ዜማ አንገቷን ደፋች። ኩራት አልነበረም። ሕመሙ የጀመራት ደብረ ማርቆስ ኮሌጅ ስትማር፣ ከአንድ ትኩሳት በኋላ ነው። ትኩሳቱ ለቀቃት፤ ድካሙ ቀረ። እናቷ ጠበል ወሰደቻት፤ አልሻል ሲላት ባሕር ዳር ይዛት ሄደች። ሐኪሙ ልቧን በመሣሪያ አየ፤ ተኝታም ቆማም ትርታዋን ቆጠረ።

«ልብሽ ጤነኛ ነው» አላት። «ስትቆሚ ግን የሚመለስለት ደም ያንሰዋል፤ ለዚህ ነው የሚሮጠው። ከአቅምሽ በላይ አትሥሪ፤ እልህ አይጠቅምሽም።»

ልቡ ጤነኛ ነው የተባለን ሰው ማን ታማሚ ይለዋል? ሰነፍ ነው የሚሉት። ጥሩሰው ቤት ሲደርሱ፣ «ለማንም እንዳትናገሪ። ሥራ እኔ ከለከልኳት እላለሁ» አለቻት። ከዚያ ወዲህ ለዓመታት፣ ሳንባ ምች ይዟት በሳምንቱ እስኪወስዳት ድረስ፣ ውኃውንም እንጨቱንም ብቻዋን ተሸከመች፤ ስሟንም ለሐሜት ሰጠች።

«ከደብረ ወርቅም መጡ» አለች ወለተ ሐዋርያት። «ተነሺ ልጄ።»

ዜማ አልተነሣችም። አሁን ልቧ የሚመታው ተቀምጣ ነው፤ ከፍርሃት።

«እትዬ፣ አልችልም።»

«ምን ማለት ነው? ሰው እያየን።»

«ሕመምተኛ ነኝ፤ ዓመታት ሆነኝ። ስቆም ልቤ ይሮጣል፤ ዛሬ ከበረታሁ ነገ አልነሣም። እምዬ ኩሩ አልነበረችም። እኔን ሸፍና ነው።»

ድምፅዋ ከኋላ እስከተቀመጡት ሴቶች ድረስ ተሰማ፤ እንዲሰማም ፈልጋለች። ሹክሹክታው ተቋረጠ። ወለተ ሐዋርያት ትክ ብላ አየቻት። ጥሩሰውን «ትዕቢትሽን ቀንሺ» ስትል የኖረች እሷው ራሷ ነበረች።

የደብረ ወርቆቹ እየጮኹ ገቡ። ዜማ ደንግጣ መሬቱን ተደግፋ ልትነሣ ስትል፣ አክስቷ ትከሻዋን ወደ ታች ተጫነችና ከፊቷ ቆመች። ከዚያም በአንድ እጇ ደረቷን እየመታች፣ ሌላውን ከዜማ ትከሻ ላይ ሳታነሣ፣ ለቀስተኞቹን በእሷ ፈንታ ተቀበለች።