«ቀኝ» እና «ግራ» የማይባልበት ልምምድ

ታናሽ ወንድሜ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሴት ልጁን የጠረጴዛ ቴኒስ የሚያስተምራትም ልብስ በሚሰፋበት ሥርዓት ነበር፦ አንዱ እጅጌ ሳያልቅ ሌላው አይነካም። ማታ ማታ የጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ መረብ ወጥሮ፣ መጀመሪያ በቀኝ ብቻ፣ ያ ሲጠራ በግራ ብቻ ያስመታታል። ኳሱን ከመላኩ በፊትም «ቀኝ!» ወይም «ግራ!» ብሎ ይጮኻል። ልጅቷም አንድም ኳስ አትስትም፤ የሰፈር ሰው «ጥይቷ» ይላታል።

ውድድር ላይ ግን ጥይቷ ትከሽፋለች።

ለከተማው ቡድን የቀረው አንድ ቦታ ነበር። እሑድ «ግድግዳዋ» ከምትባለው ተጫዋች ጋር ትጋጠማለች፤ ያሸነፈች ትገባለች። በዚያው ሳምንት መጀመሪያ በወዳጅነት ጨዋታ በዚችው ልጅ ተሸንፋ፣ ፊቷ ቲማቲም መስሎ መጣች።

«ምን ነካሽ? እዚህ እኮ አንበሳ ነሽ!» አለ አባቷ።

«አባዬ፣ እሷ አትናገርማ!»

«ምኑን?»

«ቀኝ ግራውን! እጄ ያንተን ድምፅ ይጠብቃል።»

የሸሚዝ ቁልፍ እየተከልሁለት ነበር፤ በሳቅ መርፌው አመለጠኝ። «በል እንግዲህ፣ ሳትናገር ቀላቅለህ ላክላት» አልሁት።

«እትዬ ደግሞ! ያልጠራ ነገር ላይ ሌላ ይደረባል?»

«ግድግዳዋ እስኪጠራላት ትጠብቃታለች?»

ጀመሩ። አንዴ ቀኝ፣ አንዴ ግራ፣ አንዴ መረቡ ሥር። ነገር ግን አፉ አልታዘዝ አለው፤ ኳሱን ባነሣ ቁጥር «ቀ—» ይላል። የመለኪያ ሜትሩን አጣጥፌ በጥርሱ አስያዝሁት።

እንዴት ያለ ትርምስ ሆነ! ኳሱ መስታወቱን መታ፣ ካውያው ላይ ነጠረ፣ የደንበኛ ሱሪ ውስጥ ገብቶ ጠፋ። ወንድሜ ሜትሩን ተፍቶ፣ «የሰፋሁትን ሁሉ ተረተርሽብኝ! ወደ ድሮው እንመለስ» አለኝ።

ጥይቷ ግን ላቧን በክንዷ ጠርጋ፣ «አባዬ፣ ሜትርህን ንከስ!» አለችው። ዐይኗ ያበራ ነበር። እስከ ቅዳሜ ድረስ መሳቷን አልተወችም፤ የምትስተው ግን ቆማ ሳይሆን እየሮጠች ሆነ።

እሑድ የመጀመሪያውን ዙር ተሸነፈች። ሁለተኛውን አሸነፈች! በመጨረሻው ዙር እኩል ለእኩል ተያይዘው ሲሄዱ ወንድሜ ክንዴን ይዞ ሊሰብረው ደረሰ። ጥይቷ አንድ ነጥብ ቀደመች፤ አንድ ብትጨምር ታሸንፋለች። ግድግዳዋ ኳሱን ወደ ግራ ጥግ ላከች፤ ተመለሰላት። በድንገት በቀኝ በኩል መረቡ ሥር ጣል አደረገችው። ልጃችን ግን ሳናያት እዚያ ደርሳለች፤ በእጅ አንጓዋ ብቻ ነካ አድርጋ አሳለፈችው፤ ኳሱ ከወዲያ ማዶ ሁለት ጊዜ ነጠረ።

አዳራሹ በጩኸት ተናጋ። ግድግዳዋ መጥታ አቀፈቻትና እያለከለከች፣ «አንቺ! ወዴት እንደምትሄጂ እኮ ማወቅ አቃተኝ!» አለቻት።

«እኔስ መች ዐወቅሁ!» አለች ጥይቷ፣ እየዘለለች።