ዋንጫ ባነሳን ማግስት

እኛ ዳቦ ቤት ሊጥ የሚታሸው በእጅ ነው፤ የሚያሸውም ንዴት ነው። የምንደግፈው የኳስ ቡድን ዕድሜ ልኩን ሲሸነፍ እኛም ሊጡን ስንደበድብ ኖረናል፤ የኛን የሚያህል ለስላሳ ዳቦ ሰፈሩ ውስጥ የለም። ዋንጫ ባነሳን ማግስት ግን ደስታ እጃችንን ፈታው። ሊጡን እንደ ሕፃን ስናባብለው አርፍደን የጠዋቱ ዳቦ ድንጋይ ሆኖ ወጣ።

አለቃችን ጋሼ አንዱን ጠረጴዛው ላይ ጣል ሲያደርገው ቋ አለ። ለከሰዓቱ ሊጥ ስንቀርብ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ቀስ ብሎ፣ «ያቺን የአምናዋን ፍጹም ቅጣት ምት ታስታውሳላችሁ?» አለን።

«ጋሼ፣ በናትህ ተወን። ዛሬ እንኳን ደስ ይበለን» አልኩት።

«የነሱ በረኛ ወደ ሌላ አቅጣጫ ወድቆልን ነበር እኮ። ጎሉ ባዶ። የኛው ልጅ ኳሷን ለወፎች ሰጣት።»

ቡጢዬ ሳላዘው ሊጡ ውስጥ ገባ።

«የኛ በረኛስ?» አለ ምድጃ ላይ የሚሠራው ጥርሱን ነክሶ። «ጫማውን ሲያስር ጎል የገባበት?»

«ጫማውን» አልን ሁላችንም፤ ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ አምበላችን በገዛ ጎላችን ላይ በቴስታ ያገባት መጣች፤ ዱቄቱ እንደ ጭጋግ ተነሳ። እየተንጨረጨርን እንስቃለን፣ እየሳቅን እንደበድባለን።

አመሻሽ ላይ ዳቦው እንደ ጥጥ ሆኖ ወጣ። የድሮ ደንበኛችን የሆኑ እናት በመስኮቱ አንዱን ተቀብለው በጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት፤ ፊታቸው ጭፍግግ አለ።

«ውይ ልጆቼ» አሉን፣ «ዋንጫውን መልሰው ወሰዱባችሁ እንዴ?»